ኒካሑ ታስሯል፤ ወረቀቱስ?



ሽማግሌ በራችንን አንኳኩቶ «ልጁ አውሮፓ ነው ያለው» ሲል በቤታችን ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመርካቶው ልጅ ሰላቱ ይጠየቃል፣ አኽላቁ ይጠየቃል፣ ዘሩና ሥራው ይጠየቃል፤ ሦስት ወር ይፈጃል። ለፍራንክፈርቱ ግን ሦስት ቀን ይበቃል። «ፓስፖርት አለው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ ይባላል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሠፈራችን አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ መድረሳችን መጡ። ልጅቱ እኔው ዘንድ ቁርኣን የቀራች ናት። ባሏ ለሦስት ሳምንት ከአውሮፓ መጥቶ፣ መህሩን ከፍሎ፣ ኒካሑ በወሊይዋና በሁለት ምስክሮች ፊት ቤት ውስጥ ታስሮ ተመልሶ ሄደ። «ፕሮሰሱን ጀምሬያለሁ» እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እንደተሰማው፣ እዚያው በሚኖርበት ከተማ በማዘጋጃ ቤት የተመዘገበች ሚስት ነበረችው። አሁን ስልክ አያነሳም። ልጅቱ ባል አላት እንዳይባል ባሏ የለም፣ የለም እንዳይባል ኒካሕ አለባት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ ከሚስቶቻችሁ አንዷን እንደተንጠለጠለች አድርጋችሁ አትተዉ ያለው እንዲህ ያለውን ነው። አባትየው «ኡስታዝ፣ እኔ ምን መጠየቅ ነበረብኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ያወቁትንም አስቸግሬ የተረዳሁትን ነው እዚህ የማሰፍረው። «የመድረሳ አስተማሪ ስለ ቪዛ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እኔም በተራዬ ልጠይቀው። አላህ በሱረቱ አል-በቀራ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ የገንዘብ ብድር እንኳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊም ምስክርም እንዲኖረው አዟል። የአንድ ሺህ ብር ብድር የሚጻፍ ከሆነ የሴት ልጅህ ዕድሜ ሳይጻፍ የሚቀረው በየትኛው ሚዛን ነው?

መጀመሪያ ነገር፣ ባህር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ዜጋ አይደለም። ሰውየው ዜግነት ያገኘ ነው? ወይስ ስደተኛነቱ ተቀባይነት አግኝቶ የተጠለለ? ወይስ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት? የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የዜጋ ፓስፖርት አይደለም። ጥያቄው ያልተወሰነለት ሰውማ ሚስት ሊጠራ አይችልም፤ ራሱም ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም።

ዜጋ ከሆነም የየት አገር ዜጋ እንደሆነና የት እንደሚኖር ይጠየቅ። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የነፃ ዝውውር ሕግ የሚሠራው ዜጋው ከገዛ አገሩ ውጭ በሌላ የኅብረቱ አገር ሲኖር ነው። ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ፈረንሳዊ ኢትዮጵያዊት ሚስቱን ቢያመጣ ቪዛዋ ያለ ክፍያ ነው፤ የቋንቋ ፈተና አይጠብቃትም፤ የአምስት ዓመት የመኖሪያ ካርድ ታገኛለች፤ አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረች ደግሞ ቋሚ ነዋሪ ትሆናለች። በገዛ አገሩ የሚኖረውን ጀርመናዊ ግን የሚመለከተው የጀርመን ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ሚስቲቱ ከመሄዷ በፊት መሠረታዊ ጀርመንኛ መቻሏን በአብዛኛው በፈተና ማሳየት አለባት፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለቱም ባለትዳሮች 24 ዓመት እንዲሞላቸው የሚል ሕግ አወጣች። እንግዲህ በ18 ዓመቷ ለዴንማርክ የተዳረች ልጅ ስንት ዓመት በር በሩን ስታይ እንደምትኖር አባቷ ይቁጠርላት። ከኅብረቱ የወጣችው ብሪታንያ ደግሞ ሚስት የሚጠራ ሰው ሊኖረው የሚገባውን ዓመታዊ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 29 ሺህ ፓውንድ ከፍ አድርጋዋለች። በሆቴል ዕቃ አጣቢነት ያንን ያህል የሚያገኝ ስንቱ ነው?

ከዚህ ሁሉ የከፋው የምዝገባው ጉዳይ ነው። በጀርመንም በፈረንሳይም መስጊድ ውስጥ ብቻ የታሰረ ኒካሕ በመንግሥት ዘንድ ጋብቻ አይደለም። አላህ ዘንድ ሚስት የሆነችው፣ መዝገቡ ላይ ባዕድ ናት፤ ባልየው ቢያባርራት የምታሳየው አንዲት ወረቀት የላትም። በአገራችን ግን የ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ እንዲመዘገብም ያዛል። ታዲያ ሙሽራው አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጋብቻው እንዲመዘገብ ማድረግ ምን ይከብዳል? «ጊዜ የለኝም፣ ፈቃዴ አልቋል» የሚል ሙሽራ ለድግሱ ጊዜ ነበረው።

ሲመዘገብ ደግሞ ያላገባ ስለመሆኑ ከሚኖርበት አገር ማስረጃ ማቅረቡ አይቀርም። ብዙዎቹ ምዝገባውን የሚሸሹት ለዚህ ይመስለኛል። ሁለተኛ ሚስት በሸሪዓ ሐላል ናት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አውሮፓ ውስጥ አብራው የምትኖር ሚስት ያለችው ሰው ሁለተኛዋን በሚስትነት ጠርቶ ሊያስገባ እንደማይችል እያወቀ «እወስድሻለሁ» ብሎ ካገባ፣ ይህ ማታለል ነው። ማታለልን ሐላል ያደረገ መዝሀብ የለም።

«ይህ ሁሉ የካፊር ሕግ ነው፣ ምን ያገባናል?» የሚሉም አሉ። በቪዛ የገባ ሰው በውል ነው የገባው፤ ሱረቱ አል-ማኢዳ የሚከፈተው ደግሞ ውሎችን በመሙላት ትእዛዝ ነው። ከዚህ የሚብሰውን የሚያደርጉት የወረቀት ጋብቻ የሚሉትን የሚነግዱት ናቸው። ባሏን «ለወረቀት» ፈትታ ለሌላ የምትታሰር እኅት አለች፤ ለወረቀት ብላ ከእምነቷ ውጭ ላለ ሰው የምትፈርምም አለች። «የምር አይደለም» ይላሉ። ኒካሕና ጦላቅ ቀልዳቸውም የምር እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በሕጉም በኩል ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ በፈረንሳይ ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ የሚፈጸም የሐሰት ጋብቻ እስከ አምስት ዓመት እስራትና 15 ሺህ ዩሮ ያስቀጣል።

አንድ ነገር በተለይ ለሄዱት እኅቶቻችን ልናገር። ወረቀቷን በእጁ ይዞ «ፖሊስ ብትጠሪ አገርሽ ትላኪያለሽ» እያለ ሚስቱን የሚደበድብ ባል እንዳለ ከራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ። አላህ በመልካም ያዟቸው ወይም በመልካም አሰናብቷቸው፣ ለመጉዳት ብላችሁ አትያዟቸው ብሏል። የሰውየው ዛቻም ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው። ባልየው በሌላ የኅብረቱ አገር የሚኖር ዜጋ ከሆነ፣ ጋብቻው ሦስት ዓመት ከቆየና ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዓመት በምትኖርበት አገር ያለፈ ከሆነ፣ ብትፋታም የመኖር መብቷ አይቋረጥም። በጀርመን ሕግም ሦስት ዓመት በትዳር አብራ ከኖረች የራሷ መብት ይኖራታል። ድብደባ የደረሰባት እንደሆነ ደግሞ ሦስቱን ዓመት ሳትጠብቅም ልትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ የሐኪም ማስረጃና የፖሊስ ቃል አትጣል። ይህን ሳታውቅ በትር እየበላች ቀን የምትቆጥር እኅት ስንት ናት!

ዜግነትማ ከዚህ የራቀ ነው። ማግባት ብቻውን ማንንም ዜጋ አያደርግም። በጀርመን የጀርመናዊ ሚስት ሦስት ዓመት መኖርና ከዚያም ሁለቱን ዓመት በትዳር ማሳለፍ ይጠበቅባታል፤ በፈረንሳይ ቢያንስ አራት የትዳር ዓመት ነው፤ በጣሊያን ለምትኖር ሁለት ዓመት ሲሆን ልጅ ካለ በግማሽ ይቀንሳል። ቋንቋውም ይጠየቃል። በእኛ በኩል ሕገ መንግሥቱ የውጭ ዜጋ ማግባት ኢትዮጵያዊነትን አያስቀርም ይላል፤ ወድዳ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደች ግን በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቷ ይቀራል። እናትና አባት ይህንንም አስቀድመው ይምከሩበት።

ወሊይ ማለት እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ነው፤ እጅ ጨብጦ «ዘውወጅቱካ» ለማለትማ ልጅም ይበቃል። ከሸርጦች ሁሉ ይበልጥ ሊሞላ የሚገባው የኒካሕ ሸርጥ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ይጥራት፣ ባይችል እንዲህ ይሁን ብሎ ማስጻፍ ነውር አይደለም፤ አጻጻፉን ዓሊም ያሳያችሁ።

የዚያች ልጅ ጉዳይ አሁንም ቃዲው ዘንድ ነው። ባለፈው ሸዕባን ለታናሽ እኅቷ ደግሞ ከስዊድን ሽማግሌ መጣ። አባትየው በዚህ ጊዜ የልጁን የመኖሪያ ወረቀት፣ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃና የምዝገባ ቀን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ «እኛን ሌባ አደረጋችሁን» ብለው ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። እስካሁን አልተመለሱም።