አንቴናው ይለካ!

የመኪና ራዲዮ አንቴና ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች ፊት ላይ የሚወዛወዘው ረጅም ዘንግ ነው። ጌጥ የሚመስለውም ሰው አልጠፋም። በኔ እምነት ግን በሰሜን ጎንደር ደጋ “ራዲዮው አይሰማም” ሲባል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ራዲዮው ሳይሆን አንቴናው ነው፤ ያውም ርዝመቱና አተካከሉ።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን በቀላሉ እንየው። በውጭ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚነጋገሩበት ሲ.ቢ. የሚባለው ራዲዮ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ ሩብ ሞገድ የሚሆነው ዘንግ 2 ሜትር ከ75 ገደማ ይመጣል። ይህን አቁሞ በዛፍና በመብራት ሽቦ ሥር ማለፍ ስለሚያስቸግር ዘንጉን ያሳጥሩትና ሽቦ ይጠመጥሙበታል። ታዲያ ዘንጉ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የመኪናው ብረት ራሱ ነው! ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ቀለሙ ላይ አስቀምጦ ብሎኑን ያጠብቅና “እንቅ አድርጌዋለሁ እኮ” ይላል። አጥብቋል፤ ቀለም ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ፣ በቴስተር ማረጋገጥ፣ እንዳይዝግም ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። ቦታውም ቢሆን የጣሪያው መሀል ይመረጣል፤ ፊት ለፊት ከተተከለ ሞገዱ በመኪናው አካል ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ያደላል።

ከዚያ መለካት ነው። ኤስ.ደብልዩ.አር. ሜትር የሚባለው ትንሽ ዕቃ በራዲዮውና በአንቴናው መካከል ይገባል። መኪናው ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ መጀመሪያ በቻናል 1 ቀጥሎ በ40 ይለካል። በ40 ላይ ከፍ ካለ ዘንጉ ረዝሟል፣ ይጠር፤ በ1 ላይ ከፍ ካለ አጥሯል፣ ይርዘም። በሁለቱም ሰማይ ከነካ ግን ዘንጉን መቁረጥ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ችግሩ ከግራውንዱ ወይም ከኬብሉ ነው። ከ1.5 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 3 ከሆነ ከተላከው ኃይል ሩቡ፣ ማለትም ከ4 ዋት አንዱ፣ ተመልሶ ይመጣል። አንዱ ዋት ባልከፋ፤ ተመላሹ ኃይል የራዲዮውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ያግላል እንጂ።

መቼም ሲ.ቢ. የቱንም ያህል ቢስተካከል ተራራ አይበሳም። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ሲወረድ ገደሉ ሞገዱን ይጋርደዋል። ለእንዲህ ያለ አገር የሚሻለው ከ3 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሠራ ኤች.ኤፍ. ራዲዮ ነው። ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ አጉብጠው የሚያስሩት ለፋሽን አይደለም፤ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ከተራራው ማዶ እንዲወርድ ነው። ቀን ከፍ ያለ፣ ሌሊት ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይመረጣል።

ጓደኞቼ “ሞባይል እያለ?” ይሉኛል። ከተማ ውስጥ ሞባይል ይበልጣል፣ አልክድም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተናል። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያቋርጠውም ኔትወርክ የሌለበት ብዙ ነው። ምጥ የጠናባትን እናት ጭኖ ከጃናሞራ የሚመጣ አምቡላንስ መንገድ ላይ ጎማው ቢፈነዳ ማንን ይጥራ? ደም ይዘጋጅ ብሎ ለሆስፒታሉስ ማን ይንገር?

ማንም ተነስቶ ይትከል ማለቴ አይደለም። ፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የኔ ጥያቄ ለትምህርት ክፍላችን ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. እዚህ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር እየላከ ነበር የሚያሠለጥነው። እኛስ? አንቴናን በሰሌዳ ላይ ብቻ ተምረን ልንመረቅ ነው። አዲስ አበባ 5 ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚባል የአማተር ራዲዮ ጣቢያ ከዓለም ጋር ተነጋግረዋል። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። አንድ ሜትር፣ አንድ ቴስተርና በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃናል። ፈቃድ ያላቸው ራዲዮ የጫኑ አምቡላንሶች ግቢያችን ይምጡ፤ ለክተን ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን ለሾፌሩ እንሰጠዋለን።