ጆሮው ይቆያል፣ መስማቱ ግን አይቆይም

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው ለማለት ነው። የዛሬው የጤና ዓምዳችን አንድ ጆሮው ሳይሟላ ስለሚወለድ ልጅ ነውና ተረቱ ይስማማዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚፈራው ወሬውን ነው። ሕፃኑ ክርስትና ሲነሳ በነጠላ ይሸፈናል። ከፍ ሲል ኮፍያ ይደፋለታል፤ ፎቶግራፍ ሲነሳም በደህናው ጎኑ እንዲዞር ይደረጋል። «ምን አይታ ነው?» «የማን እርግማን ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ደግሞ የሚወርደው በእናቲቱ ላይ ነው።

ሐኪሞች ይህን ማይክሮሺያ ይሉታል። እንደየአገሩ ቢለያይም በብዙ ቦታ ከ10,000 ሕፃናት መካከል ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት እንዲህ ይወለዳሉ። በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም አንዱ ጆሮ፣ ይልቁንም ቀኙ ነው። የውጭ ጆሮ ቅርጽ መያዝ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችና በወጉ ያልተያዘ የስኳር በሽታ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይታወቃል፤ በአብዛኛው ግን ምክንያቱ አይገኝም። እርግማንም የእናት ጥፋትም አይደለም።

ወሬው በረድ ሲል ወላጆች የሚጠይቁት «መቼ ነው ኦፕራሲዮን የሚሆነው?» ብለው ነው። መልሱ ያለው በልጁ ጎድን ውስጥ ነው። የበግ ጎድን ስንበላ ጫፉ ላይ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነጭ ነገር እናገኛለን። ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የሚባለው እሱ ነው። በእኛም ደረት ላይ ጎድንን ከመሐለኛው የደረት አጥንት ጋር የሚያያይዘው ይኸው ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚኖረው በዙሪያው ካለው አካል በሚሰርግ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከቦታው ተወስዶ ሌላ ቦታ ከቆዳ ሥር ቢገባ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የልጁ የራሱ አካል በመሆኑም ሰውነቱ እንደ ባዕድ አይገፋውም።

ዘዴው የቆየ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዶ/ር ሃሮልድ ጊሊስ በእንግሊዝ አገር የወታደሮችን የተጎዳ አፍንጫ በጎድን ልም አጥንት መልሰው ይሠሩ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዶ/ር ራድፎርድ ታንዘር ከጎድን ሙሉ ጆሮ የሚሠራበትን መንገድ አሳተሙ። በ1993 ደግሞ ጃፓናዊው ዶ/ር ሳቶሩ ናጋታ ሥራውን በሁለት ኦፕራሲዮን የሚጨርስ ዘዴ አቀረቡ። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ጎድን ያለውን ልም አጥንት ይወስዳል። የደህናውን ጆሮ ልክ በስስ ፕላስቲክ ላይ ነድፎ፣ በዚያው ልክ ይቀርጸውና ከቆዳ ሥር ያስገባዋል። ከወራት በኋላ ጆሮው ከጭንቅላቱ ብድግ እንዲል ይደረጋል።

ለዚህ ሁሉ ጎድኑ ማደግ አለበት። አንዳንድ ሐኪሞች ከ6 ዓመት ጀምሮ ይሠራሉ። የናጋታን መንገድ የሚከተሉት ግን ልጁ 10 ዓመት ገደማ እስኪሆነውና የደረቱ ዙሪያ 60 ሳንቲሜትር እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ «ቆዩ» የሚል ሐኪም ስደተኛ ስለሆናችሁ ቸል አላችሁ ማለት አይደለም።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው ግን በዚህ መጠበቅ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው «ጆሮው ሲሠራለት ይሰማል» ብሎ ያስባል። አይደለም! ከጎድን የሚሠራው ጆሮ መልክ ነው፤ የመስማቱ ነገር ሌላ ነው። በእነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ የጆሮው ቀዳዳ ተዘግቷል፤ የውስጠኛው ጆሮ ግን በአብዛኛው ደህና ነው። ስለዚህ ድምፅን በራስ ቅል አጥንት በኩል ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ፣ በላስቲክ ማሰሪያ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ። ይህን ገና በጨቅላነት ማድረግ ይቻላል። ቢላዋ አይነካውም፤ የጎድን ማደግም አይጠብቅም።

በአሜሪካ ያሉ የሙያው ሰዎች የሚመክሩት ሕፃኑ በ1 ወሩ እንዲመረመር፣ በ3 ወሩ ችግሩ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ በ6 ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው። ሁለቱም ጆሮ የተዘጋበት ልጅ ይህ ካመለጠው አንደበቱ ይዘገያል፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ያመልጠዋል። አንድ ጆሮ ብቻ የተጎዳበት ልጅ አፉን ይፈታል፤ ሆኖም ጫጫታ ባለበት ክፍል ይቸገራል፤ መኪና ከየት በኩል እንደመጣም ለመለየት ይከብደዋል። አስተማሪው ደህናው ጆሮ ወደሚገኝበት ወገን እንዲያስቀምጡት ንገሯቸው። ደህናው ጆሮ ሲመግል ወይም ሲያመው ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩ። ኩላሊቱም በአልትራሳውንድ መታየት ይገባው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይጎዳሉና።

ኦፕራሲዮኑ ሲቃረብ ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጆሮ ምን ያህል እንደሠራ ጠይቁ፤ የሠራቸውንም ፎቶግራፎች ተመልከቱ። ደረት ላይ ጠባሳና ለቀናት የሚቆይ ሕመም አለ። አልፎ አልፎም የሳንባ ሽፋን ሊቀደድ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ወይም ደረቱ ሊሰረጉድ ይችላል። ጎድን ሳይነካ በፕላስቲክ ቅርጽ የሚሠራ ጆሮም አለ፤ እሱ ቀደም ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ባዕድ ነገር በመሆኑ ቆዳውን ጥሶ ሊወጣ ይችላል። ኢንሹራንሱ «ይህ ለውበት ነው» ብሎ ቢመልሳችሁ በአሜሪካ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የእሷ ሸክም አይደለም።

በመጨረሻ፣ ጊዜው ሲደርስ ልጁን ራሱን ጠይቁት። ጎድኑ የእሱ ነው፤ ሕመሙንም የሚችለው እሱ ነው። «አልፈልግም፣ እንዲሁ ይሻለኛል» ቢል፣ ይህም መልስ ነው፤ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚከለክለው የለም። የመስማቱን ምርመራ ግን ለነገ የሚያሳድር ወላጅ አይኑር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ኮፍያውን አውልቁለትና ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ።