ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል?

እንዲህ ብሎ ልጁን የሚቆጣ ወላጅ ኬኔት ቼኖልትን አያውቅም። ሰውየው በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ቦውዲን በተባለ ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ታሪክ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቀ። ከ2001 እስከ 2018 ደግሞ አሜሪካን ኤክስፕረስን መራ። ከኔትፍሊክስ ሁለት መሥራቾች አንዱ የሆነው ሪድ ሄስቲንግስም የዚያው ኮሌጅ ልጅ ነው። በ1983 በሒሳብ ተመርቆ መጀመሪያ የሄደው ስዋዚላንድ ነው፤ ሒሳብ ሊያስተምር።

«እነሱ እኮ በኋላ ሃርቫርድና ስታንፎርድ ገብተዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የገቡት ግን የዚያን ትንሽ ኮሌጅ ዲግሪ ይዘው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። ሥራ ያጣ መሐንዲስ ግን ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ለምን? ጥፋቱ የትምህርቱ ስም ላይ ስላልነበረ ነዋ! አንብቦ የማይጽፍ፣ ጠይቆ የማይከራከር፣ ሃንድአውት ሸምድዶ የሚያልፍ ተማሪ ታሪክም ተማረ ኢንጂነሪንግ ያው ነው። ኮታ መቀየር ቀላል ነው፤ የከበደው ማስተማሩን መቀየር ነው።

ልጁ «ታሪክ ልማር» ሲል የሚቆጣ ወላጅ፣ ቁጣውን ወደ ሃንድአውቱ ያዙር።