ስለ ጠፋ የማኅተም መኪና ኃላፊነት

የመንግሥት ማኅተም ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በሌላ እጅ ሲገባ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ መጽሐፈ ነገሥት ይመሰክራል። ኤልዛቤል በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጽፋ በንጉሡ ማኅተም ባተመችው ጊዜ ሽማግሎቹ ማኅተሙን አይተው አመኑ፤ ናቡቴም ያለ በደሉ ሞተ፤ የወይን ቦታውም ተወሰደ። ሽማግሎቹ የተመለከቱት ማኅተሙን እንጂ ያተመውን እጅ አልነበረም። በዛሬው ዘመን ማኅተሙ ከቀለበት ወደ መኪና ስለ ተዛወረ፣ መኪናው የጠፋ እንደ ሆነ ተከታትሎ የማስታወቅ ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የፖስታ ሥራ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም በፓሪስ ታተሙ፤ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ቴምብር ዋጋው አስቀድሞ ለመንግሥት የተከፈለ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ነው። በ1913 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴምብሩ ፈንታ የተከፈለውን ዋጋ በፖስታው ላይ የሚያትም መኪና በመንግሥት ፈቃድ ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያለው መኪና የሚቀመጠው በየነጋዴው ቤት ስለ ሆነ፣ የሰረቀው ሰው የሚያገኘው ብረቱን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ስም የማተምን ሥልጣን ጭምር ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ደንብ ሠሪው ኩባንያ መኪናውን ያከራይ እንጂ አይሽጥ ይላል፤ እያንዳንዱም መኪና ከተሠራበት ቀን አንሥቶ እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ የት እንዳለና በማን እጅ እንዳለ በመዝገብ እንዲይዝ፣ የጠፋውንና የተሰረቀውንም ለፖስታ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ግዴታ አለበት።

ይህ ነገር ለእንጅባራና ለዳንግላ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሩቅ አይደለም። በአዊ ዞን ከተሞች ባሉ ሱቆች የሚገኘው ካሽ ሬጅስተር የሚባለው የሽያጭ መመዝገቢያ መኪና ከፖስታው መኪና ጋር ጠባዩ አንድ ነው። እርሱም ግብር የሚከፈልበት ሽያጭ መደረጉን ለመንግሥት ይመሰክራል። አሠራሩ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 ተወሰነ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ ቅጣቱን ደነገገ። በአዋጁ መሠረት አቅራቢው ለእያንዳንዱ መኪና ከግብር መሥሪያ ቤት የምዝገባ ቁጥር ተቀብሎ በግልጽ ስፍራ ሊለጥፍበት ይገባዋል፤ ባለ ሱቁም መኪናው የተሰረቀ እንደ ሆነ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ታዝዟል።

የጉዳቱ መጠን በቀላል ስሌት ይታወቃል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ነው። በተሰረቀ መኪና የ100,000 ብር ሽያጭ ደረሰኝ ቢወጣ፣ ደረሰኙን የያዘው ሰው ያልተከፈለ 15,000 ብር እንደ ተከፈለ አድርጎ ከራሱ ግብር ላይ ሊቀንስ ይችላል። ግምጃ ቤቱ ይጎድላል፤ ስሙና የግብር ከፋይነት ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ የታተመው ባለ ሱቅም ላልሸጠው ዕቃ ግብር ይጠየቃል። የናቡቴ ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አቅራቢው «መኪናውን ከሸጥሁ በኋላ ከእጄ ወጥቷል» ይል ይሆናል። ይህ ምክንያት ለወንበርና ለጠረጴዛ ይሠራል፤ ለማኅተም ግን አይሠራም። የመኪናውን ውስጠ ምሥጢር፣ የትኛው ክፍሉ ቢነካ ሐሰት ሊያትም እንደሚችል፣ የሚያውቀው የሠራው ነው። ሠሪው በባሕር ማዶ ከሆነ ደግሞ ወደ አገር ያስገባው አቅራቢ በእርሱ ፈንታ ይቆማል። ባለ ሱቁ የሚያውቀው የራሱን አንድ መኪና ብቻ ነው። አቅራቢው ግን የሁሉንም ቁጥር ስለሚያውቅ፣ በዳንግላ የጠፋው መኪና በሌላ ከተማ ለጥገና ቢቀርብ ሊለየው የሚችል እርሱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው በአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር፤ ሌባውን ያላወጣ አካባቢም ዕዳውን በኅብረት ይከፍል ነበር። የአፈርሳታ ምሥጢሩ ነገሩን ሊያውቅ የሚችለው ሰው ዝም እንዳይል ማድረግ ነው። በካህናቱም ዘንድ የንዋየ ቅድሳት መዝገብ ጥቅሙ የታወቀ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1993 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ ሊመለስ የቻለው መልኩና ባለቤቱ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። ያልተመዘገበ ዕቃ ቢገኝም የማን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስቸግራል።

እንግዲህ ሦስት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። አንደኛ፣ አቅራቢዎች በዓመት አንድ ጊዜ መኪኖቹን ባሉበት ስፍራ በዓይን አይተው ከመዝገባቸው ጋር ያስተያዩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጸጥታ በመታወኩ መንገድ በሚዘጋበትና ሱቅ በሚዘጋበት ጊዜ፣ መኪናው በባለቤቱ እጅ መኖሩን ማረጋገጥ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የጠፋው መኪና ቁጥር ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ተነግሮ አይቅር፤ ለወረዳዎች ሁሉና ለጥገና ቤቶችም ይድረስ። ሦስተኛ፣ መንገድና ስልክ በተቋረጠበት ስፍራ ያለ ባለ ሱቅ ሦስቱ ቀን ቢያልፍበት፣ የዘገየበት ምክንያት ሳይመረመር እንደ አጥፊ አይቆጠር። ቅንነቱ የሚያስቀጣው ሰው ሌላ ጊዜ ዝም ማለትን ይመርጣልና።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ደረሰኙ ከተሠራጨ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ድካሙ ብዙ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ማኅተሙን ሠርቶ የሸጠ የትርፉ ተካፋይ እንደ ሆነ ሁሉ የጥበቃውም ተካፋይ ይሁን። ይህ ሲሆን የመንግሥት ገንዘብ ከመጉደል፣ የእንጅባራና የዳንግላ ነጋዴም ያለ በደሉ ከመከሰስ ይድናል።