ሕፃናትን ማን አስጾመ?

ጾም በገጠራችን ከአበው የተወረሰ፣ ለምእመናን የነፍስ መድኃኒት የሆነ ክቡር ሥርዓት ነውና፣ ክብሩን የሚነካ ቃል ከዚህ ጽሑፍ አይገኝም፤ የሚያሳስበኝ ጾም ባልታዘዘበት ሕፃን ላይ ሳይታሰብ የሚወድቀው ቀንበር ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም። ይሁን እንጂ ሁዳዴ ሲገባ፣ ፍልሰታ ሲደርስ፣ ረቡዕና ዓርብም በመጣ ቁጥር፣ እናቲቱ ድስቷንና ማንኪያዋን ለጾም አጥባ ካሰናዳች በኋላ፣ ዕቃው እንቁላልና ወተት ነክቶት የቤተ ሰቡን ጾም እንዳያፈርስ ስለምትሰጋ፣ ለሕፃኑም ያንኑ የሽሮ ፍትፍት ታቀርብለታለች፤ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላልም ለገበያ ይጠራቀምና ጨውና ሳሙና ይገዛበታል። የምእመናን የጾም ዕለታት በዓመት ወደ 180 ስለሚደርሱ፣ ሕፃኑ ማንም ጹም ሳይለው የዓመቱን እኩሌታ ጾሞ ያድጋል።

ሊቃውንተ ሕክምና እንደሚያስረዱት፣ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ ግን አጥንትም አእምሮም የሚታነጹበት ስለ ሆነ፣ ከጡት ጋር ልዩ ልዩ ምግብ ይሻል። ሆዱም ጠባብ ነውና፣ በቀጭን አጥሚት የተሞላ ልጅ ጠገበ እንጂ ተመገበ አይባልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረው ሲገኙ፣ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ነበረ፤ ከስድስት እስከ 23 ወር ካሉትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ከጾም መጣ አልልም፤ ድርቅም፣ የመሬት ጥበትም፣ የውሃ ንጽሕና መጓደልም አለበት። ነገር ግን ድርቅን መከልከል የማይቻላት እናት፣ አንዲት እንቁላል ለልጇ ማስቀረት ይቻላታል።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። የእናቲቱ ፍርሃት ግን የነፍስ ፍርሃት ስለ ሆነ፣ ልቧን የሚያሳርፈው የነፍስ አባቷ ቃል ነው። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለብቻ ብትለይለት፣ የቤቱ ጾም ሳይፈርስ እንቁላሉንና ወተቱን ያገኛል፤ ዶሮም ላምም የሌላት እናት ደግሞ ሽምብራና ባቄላ ከእህሉ ጋር መጥና አስፈጭታ፣ ዘይት ጨምራ፣ ወፈር ያለ ገንፎ ታገንፋለት።

አባቶቻችን ካህናት ሆይ፣ ሕፃን ጾም እንደሌለበት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህንኑ በዐውደ ምሕረት፣ ይልቁንም ሁዳዴ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ለእናቶች በግልጽ ንገሩልን።