ለከፈለ ብቻ የሚከፈት በር

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በሮተርዳም ወደብ፣ በአምስተርዳምና በሄግ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰናል፤ ይኸውም «የግል ትምህርት ቤቱ ክፍያ ጨምሯልና የልጁን መመዝገቢያ ላኩልን» የሚል ነው። ላኪው ሌሊቱን በመጋዘን ዕቃ ሲያነሣ የሚያድር ሠራተኛ ነው፤ ተቀባዩም ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከጤፍ የማያልፍለት ወላጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሸሸው ለጉራ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ሁሉም እየከፈለ ቢሸሽ፣ መክፈል የማይችለው ልጅ ጠያቂ በሌለው ክፍል ይቀራል።

የምንኖርበት አገር ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በሆላንድ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ልጆቻቸውን በየሃይማኖታቸው ለማስተማር ሲሉ በአንድ በኩል ለመንግሥት ግብር፣ በሌላ በኩል ለራሳቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍሉ ነበር። ሁለት ጊዜ መክፈል ያስመረረው ሕዝብ ተደራጅቶ ታገለና እ.ኤ.አ. በ1917 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ መንግሥት ለሁለቱም ዓይነት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እኩል ገንዘብ እንዲሰጥ ተወሰነ። ገንዘቡን የሚቀበል ትምህርት ቤት ዛሬ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮም ወላጁ የፈቃድ መዋጮ አልከፈለም ተብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ጉዞ ማስቀረት በሕግ ተከልክሏል። እርግጥ፣ እዚህም ለአስጠኚ የሚከፍል ወላጅ ልጅና የማይከፍለው ልጅ እኩል አይደሉም፤ የትምህርት ቤቱ በር ግን በኪስ አይለካም።

በአገራችንም በአንድ ወቅት አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት እጅ ገብተው ነበር። ባለቤትን መለወጥ ብቻውን መምህርና መጽሐፍ እንደማያስገኝ ግን ታይቷል። የሚያስፈልገው በጀት፣ ቁጥጥርና የወላጅ ድምፅ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ያጠረው ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? በብድር ተከፍሎ ዓመቱ ሳይጋመስ ከሚቋረጥ የግል ትምህርት፣ ሳይቋረጥ የሚዘለቅ የመንግሥት ትምህርት ይሻላል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምግብና የደንብ ልብስ ከከተማው ያገኛሉ፤ የተረፈው ገንዘብ ለመጽሐፍና ለአስጠኚ ይዋል። ወላጁም በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ተገኝቶ የቀረውን መምህር፣ የጎደለውን መጽሐፍ ይጠይቅ።

በባሕር ማዶ ያለነውም ለወንድምና ለእኅት ልጅ የምንልከውን አናቋርጥ፤ ነገር ግን ከዚያው ላይ ጥቂት ቀንሰን፣ በማኅበር ሆነን፣ ራሳችን ፊደል ለቆጠርንበት የሰፈር ትምህርት ቤት መጻሕፍት እንላክ። አንዱን ልጅ ከፍለን ስናወጣ በዚያው ክፍል የሚቀሩትም የእኛው ወገኖች ናቸው።