ከሦስት ሳምንት ያለፈ የከንፈር ቁስል ‹‹ምች›› አይባልም

በደባርቅም ሆነ በዳባት ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ከጎረቤት የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፤ ‹‹ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተህ ቀባው››። ብዙ ጊዜ ግምቱ አይስትም። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በ10 ቀን ገደማ ራሱ ይድናል። አደጋው የማይድነውም ቁስል በዚሁ ስም ሲጠራ ነው።

የከንፈር ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በታችኛው ከንፈር ላይ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት እርሱ ነውና። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደባርቅ ደግሞ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ትገኛለች። የሰሜን ተራሮች ብርድ ፀሐዩን ያስረሳናል እንጂ ጨረሩን አያስቀረውም። ጥቁር ቆዳ በእጅጉ ይከላከላል፤ ፈጽሞ ግን አያድንም። ገበሬው፣ እረኛው፣ የፓርኩ ስካውትና በቅሎ ነጂው ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ናቸው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ከሁሉም በላይ ይጋለጣሉ። ሲጋራና ጋያም አደጋውን ያብሳሉ።

ዛሬ ሳይንስ የዚህን በሽታ ጠባይ በፕሮቲኖች ያነብባል። ‹‹ፒ 53›› የተባለው ፕሮቲን የተጎዳ ሕዋስ እንዳይራባ የሚያግድ ዘብ ነው። ፀሐይ ዘረ መሉን ስታበላሽ የተዛባው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል፤ በልዩ ቀለምም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ‹‹ኪ 67›› ደግሞ በመራባት ላይ ባሉ ሕዋሳት ብቻ ስለሚገኝ የዕጢውን ፍጥነት ይጠቁማል።

እንዲህ ያለው ምርመራ እንዲስፋፋ እደግፋለሁ። ነገር ግን የታማሚውን ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዕጢው ስፋትና ጥልቀት፣ እንዲሁም ወደ አንገት ንፍፊት መዛመት አለመዛመቱ ነው። ያም በመጣበት ጊዜ ይወሰናል። በጊዜ የተደረሰበት የከንፈር ካንሰር በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል፤ ለወራት በቅጠል የታሸ ቁስል ግን ምንም ዓይነት ምርመራ ቢደረግለት ያለፈውን ጊዜ አይመልስለትም።

ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የጠነከረ፣ የሚደማ ወይም እየላላጠ የሚመለስ የከንፈር ቁስል ካለ፣ ባያምም እንኳ ጤና ጣቢያ ይታይ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ የአረጋውያንን ከንፈር ልብ ይበሉ። ባለሙያዎች ደግሞ ቆርጠው ያወጡትን ሥጋ አይጣሉት፤ በፎርማሊን ተቀምጦ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላክ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናሙናው ካልደረሰ ፕሮቲኑን የሚያነብ አይኖርም።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሲቻል የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባት፣ ትምባሆን መተው። ምችን በዳማከሴ የምታክሙ እናቶች ሆይ፣ ቀኑን ግን ቁጠሩ!